የጎማው እርግማን

ጎንደር ውስጥ አፈ ክፉ ሴት ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እኔ ደጅ ድረስ ይዟችሁ የሚመጣ ሰው አታጡም። ወለላ እባላለሁ። የማኪና ባለቤት ነበርሁ። ባሌ ቢያዝን ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት ማኪና በስንት መከራ አስጠግኖ፣ ከመተማ ጎንደር ሰሊጥና ጥጥ ያመላልስበት ነበር። በ፶፪ ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከአይከል ወዲህ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማው ፈነዳና ከነማኪናው ገደል ገባ። ጎማው አዲስ ነበር። ከገዛነው ወር አልሞላውም።

ሰው ሲሞት ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል። እኔም ደረቴን እየደቃሁ ያንኑ ስል ሰንብቼ ነበር፤ ገደሉ ድረስ ሄጄ ያንን ጎማ እስካይ ድረስ። የላዩ ከውስጠኛው ክር ተላቅቆ፣ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፏል። ጥርሱ ገና አልተበላም። ድንጋይ የቀደደው ነገርም የለበትም። ቀኑ የደረሰ ሰው ጎማው እንዲህ ይላጣል? እንጃ።

አርባው ሳይወጣ በላቸው ሊያስተዛዝነኝ መጣ። በላቸው ከአስመራ ጎንደር የሚነዳ፣ የቢያዝን የድሮ ጓደኛ ነው። የጎማውን ነገር ስነግረው እጁ ላይ የያዘውን ቆብ ያጣጥፍ ጀመር።

"ከማን ገዛችሁት?" አለኝ።

"ከግራዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ።"

"ጎኑ ላይ የጎሽ ራስ አለበት?"

"አለበት።"

"እኔም አስሬው ነበር፣ እቴ" አለ። "አስመራ ያለው አስመጪ ከገና በፊት ባለማኪናውን ሁሉ ጠርቶ አስፈታን። ሲሠራ የተበላሸ ነው፣ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ እሱን መልሱና ሌላ ውሰዱ አለን። በየከተማው ላለው ነጋዴም ሰው ልኮበታል። ለግራዝማች የተላከውን ሰው ይዤው የመጣሁ እኔው ነኝ።"

እኛ ደግሞ ጎማውን የገዛነው በገና ማግስት ነው። ይኸን ስሰማ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ የሸተተ ሥጋ ሳታውቁ ውጣችሁ በኋላ እንደ ነገሯችሁ ያለ ነገር ነው።

ማግስቱን ፒያሳ ወደ ግራዝማች ሱቅ ሄድሁ። ግራዝማች በከተማው ጨዋ ሰው ነው ይባላል። ጾሙን ያከብራል፤ የደብሩን ጣራ በቆርቆሮ አስከድኗል፤ ድሃ ሲሞት ከፈን ይሰጣል። ለቢያዝንም ከፈኑን የሰጠ እሱ ነው። ሲሰጠኝ እጁን ስሜዋለሁ። ያንን እጅ መሳሜ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ከንፈሬን እጠርጋለሁ። አንቱ የምለውም ፊቱ ስቆም ብቻ ነው።

"ግራዝማች፣ የጎሽ ራሱ ጎማ እንዲመለስ ከአስመራ ተልኮብዎት ነበር?" አልሁት።

"ማን አለሽ?" አለኝ። አልተላከብኝም አላለም። ማን አለሽ ነው ያለው።

"የሚያውቅ ሰው።"

"ልጄ፣ ሐዘን ያስቀባጥራል። ቢያዝን ነፍሱን ይማረውና ጭነት ያበዛ ነበር። ደግሞ የኛ አገር መንገድ ምኑ መንገድ ነው?"

"ሌላውን ለነማን ሸጡት? ስማቸውን ይንገሩኝና እኔው ዞሬ ላስፈታ።"

"ከሱቄ ውጭልኝ" አለ፤ ድምፁን እንኳ አላነሣም።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። ተረኛው ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማኝና እየሳቀ "እና የምትከሽው ጎማውን ነው?" አለኝ። ባለጎማውን ነው አልሁት። ስሙን ስነግረው ሳቁ ጠፋ። "ሂጅ፣ መጀመሪያ ሐዘንሽን ተወጭ" ብሎ በሩን አሳየኝ።

ጎማዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ አላቃተኝም። ጎንደር ያን ጊዜ ምን ያህል ማኪና ኖሯት ነው? ጥቁር ልብሴን ለብሼ ደጅ ለደጅ እየዞርሁ፣ እያጎነበስሁ የሰው ጎማ ማየት ጀመርሁ። ሐዘን አሳበዳት አሉ። የጎሽ ራስ በብዙ ማኪና ላይ አገኘሁ፤ ከሁሉ የከፋብኝ ግን የአያ አለነ አውቶቡስ ነበር። ከጎንደር ደምቢያ፣ ኮላ ድባ ድረስ የሚመላለስ ነው፤ በገበያ ቀን ሰውና ዶሮ እስከ ጣራው ይጭናል። ታናሽ እኅቴ አበቡ ጤፍና ሽምብራ የምትነግደው በሱ ነው። የፊቱ ሁለቱም ጎማ የጎሽ ራስ።

"አያ አለነ፣ እባክህ ይኸን ጎማ አውልቀው" አልሁት።

"ምነው? ግራዝማች እኮ ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው ነው። ለኔ ክፉ ጎማ ይሸጥልኛል?"

"ሸጦልሃላ።"

"አንች ሴትዮ፣ ባልሽ ሞተ፤ የኛን እንጀራ አትግደይብን" አለና መሪውን ጨብጦ ሄደ።

አበቡንም ለመንኋት። "ምነው እቴ፣ እስከ ደምቢያ በእግሬ ልሂድ? መድኃኔ ዓለም ያውቅልኛል" አለችኝ። መድኃኔ ዓለም ያውቃል። ግራዝማችም ያውቃል። የማያውቁት ተሳፋሪዎቹ ብቻ ናቸው።

ጾሙ እንደ ተጋመሰ ሽማግሌ መጣብኝ። የግራዝማች ነፍስ አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከፊት፣ አያ አለነ ከኋላ። ልብ በሉ፣ አስታራቂ ሆኖ የመጣው በዚያው ጎማ ሰው የሚያመላልሰው አያ አለነ ነው። እንደ ደንቡ፣ እሽ ካላልሽን አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

"ግራዝማች ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ ይላል" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ። "ጥፋት ኖሮበት አይደለም፤ ጎማው ከሱ ቤት ስለ ወጣ ብቻ ይካስሻል። ሸጋ ማኪና ይገዛልሻል።"

"ከዚያስ፣ አባቴ?"

"ከዚያማ ታረቃችሁ። እኔም እገዝታለሁ። ከእንግዲህ ይኸን ነገር የቀሰቀሰ፣ የጎማውን ነገር ባደባባይ ያነሣ፣ ውጉዝ ይሆናል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ካሳው የቢያዝን ደም ካሳ አይደለም፤ የኔ አፍ ዋጋ ነው። አፌን ሲገዛ ደግሞ አልሰሰተም። አውቶቡሱ ሰው እንደ ጫነ ይሄዳል፤ እኔ በአዲስ ማኪና ተቀምጬ፣ ግዝት ፈርቼ፣ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

"ካሳ አልፈልግም" አልሁ። "የሸጠውን ጎማ ይሰብስብ። ያን ቀን ያለ ካሳ እታረቀዋለሁ፤ እግሩንም እስማለሁ።"

የቄሱ ፊት ጠቆረ። "ልጄ፣ ሰው ሲሞት ካሳ ይጠየቃል። ጎማ ካልተፈታ አልታረቅም ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ያን የሚያህል ሰው በሕዝብ ፊት አጥፍቻለሁ ይበል?"

"ይበል እንጂ።"

"ይኸ ምቀኝነት ነው" አለ አያ አለነ።

ያን ጊዜ ነው ያቺን ቃል የተናገርሁት። "አያ አለነ፣ ያ ጎማ ካልወለቀ ሰው ይገድላል። ያንተ አውቶቡስ ፋሲካን አይሻገርም" አልሁት። መምከሬ ነበር። በጋው እየበረታ ነበር፤ በላቸው ሲሞቅ ይላቀቃል ብሎኝ የለ? እነሱ ግን ተያዩ፤ አማተቡ፤ ሳይቀመጡ ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ከተማው ሁሉ ወለላ አያ አለነን ረገመችው ይል ጀመር።

ለሆሣዕና ዋዜማ፣ አውቶቡሱ ከኮላ ድባ ሲመለስ የፊት ጎማው ፈንድቶ ከቦይ ገባ። ሁለት የደምቢያ ገበሬዎች ሞቱ። ጎማውን መንገደኛው ሁሉ አይቶታል፤ ልጣጩ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። አንድም ሰው ግን ጎማው ነው አላለም። የወለላ አፍ ነው አሉ።

አበቡ ክንዷ ተሰብሮ ተኝታለች። ልጠይቃት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ምነው እንዲያ አልሽ?" አለችኝ። "እኔ እኮ ነበርሁ ውስጡ።"

የእናቴ ልጅ ናት። አውቶቡሱ ላይ እንዳትወጣ የለመንኋት እኔ ነኝ። የያዝሁላትን ማር አስቀምጬ ወጣሁ። በኋላ ስሰማ ማሩን ሳትቀምሰው ለሰው ሰጥታዋለች። ጎረቤቱም እንዲሁ ሆነብኝ፤ ሳልፍ ሕፃኑን ወደ ቤት ይጎትታሉ፣ እሳት እንኳ የሚያበድረኝ ጠፋ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ፤ እኔ ደግሞ እቤቴ ሆኜ ነው የመሸብኝ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። አሁን አያ አለነ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ከኋላው የጎሽ ራስ ያሰረ ባለማኪና ሁሉ ተከትሎታል። እግሬ ሥር ተደፋ።

"እርግማንሽን አንሽልን፣ እመት ወለላ" አለ።

አስጠሉኝ። አለቀስሁላቸው፣ ለመንኋቸው፣ እየዞርሁ ጎማቸውን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋቸው፤ አንዱም አልሰማኝ። አሁን አፌ ሰው ይገድላል ብለው ድንጋይ ተሸክመው መጡ። ሰው ረግሜ አላውቅም ልላቸው ጀመርሁና ተውሁት። እውነቱ እንደሆነ ማንንም አላዳነም።

"የረገምሁት ሰው አይደለም፣ ጎማውን ነው" አልሁ። "የጎሽ ራስ ያለበት ጎማ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ተፈትቶ ከዚህ ግቢ ካልገባ እርግማኑ አይነሣም።"

ሳምንት ሳይሞላ ግቢዬ ጎማ በጎማ ሆነ። የጭነቱም መጣ፣ የትንንሹም ማኪና መጣ። እኔ ጭራሽ የማላውቀውን ከትክል ድንጋይ ከተማ ድረስ በአህያ ጭኖ ያመጣ አለ። አንዱማ ፈርቶ ሌላ ምልክት ያለውን ደህና ጎማ ሁሉ ጨምሮ ጣለልኝ፤ እየማልሁ መለስሁለት። የቀረውን በመጋዝ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቆረጥሁት፤ ግራዝማችን የመሰለ ሰው መልሶ እንዳይሸጠው ብዬ ነው። ጫማ ሰፊዎች ለሶል ስጭን አሉኝ፤ ውሰዱት አልኋቸው። ተሳፋሪ ዳነ። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም፤ የሰው ነፍስ የተረፈችው በማስተዋል ሳይሆን እኔን በመፍራት ነውና።

የቆረጥሁላቸው ቀን ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እርግማኑ ሲነሣ ሊያይ ግቢዬን ሞላው። ግራዝማችም ነጭ ለብሶ በገዛ ማኪናው መጣ።

"የቀረ አለ?" አሉ ቄስ ወልደ ዮሐንስ።

"ግራዝማች አላመጡም" አልሁ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ደጅ የቆመውን ማኪና አየ። አራቱም ጎማ ሌላ ነው። ከኋላ የታሰረው መጠባበቂያም ሌላ ነው። መጋዘን ሙሉ የጎሽ ራስ ለአገር ሲሸጥ፣ ለራሱ አንዲት አላሰረም።

"ግራዝማች፣ ከዚያ ሁሉ ጎማ ለራስዎ ምነው አንድ እንኳ አላሰሩ?" አልሁት፤ ሁሉም እንዲሰማ።

ግራዝማች በነጠላው ጫፍ ግንባሩን ጠረገ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ በቃ፣ አሁን ገባቸው፣ አልሁ በልቤ።

አያ አለነ ከመሀል ወጣ። ሁለት ተሳፋሪ የቀበረው አያ አለነ። "አያችሁ?" አለ። "እግዜር የራሱን ሰው አስቀድሞ ይለያል። እርግማኑ እሱ ጋ ያልደረሰው ንጹሕ ስለሆነ ነው።" ጎንበስ ብሎ የግራዝማችን ጉልበት ሳመ። "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ ሰዉ። ግራዝማች ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ።

ከፊታቸው እንዳላስመልስ አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

"በይ ልጄ፣ ፍችው" አሉኝ ቄስ ወልደ ዮሐንስ፤ ሰዉም አንገቱን ደፋ።

እስከዚያች ቀን ድረስ በዕድሜዬ ማንንም ረግሜ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ግራዝማች ፊት ቆሜ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስሁ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ እሱን ከነዘሩ ከልቤ ረገምሁት። ስጨርስ ቀና አልሁ።

"አሜን" አሉ ሁሉም። ከሁሉ ጮክ ብሎ ያለው ግራዝማች ነበር።