ገና ያልተነገረው ጥፋት

ፀጉር አስተካካዩ ለቤተሰቡ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ የቤት ስሙ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ «ጣጣው» ነው። ብርጭቆ ቢሰበር ጣጣው፣ አባትየው እንቅልፍ ቢያጡ ጣጣው። እሱም ከመልመዱ ብዛት ይቅርታን እንደ ሰላምታ ያድል ነበር። ግንባሩን የገጨውን በር እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ፣ በጢሙ የሚኮራውን ጡረተኛ ሹፌር ጉንጩን አረፋ አልብሶ ምላጩን ሲያነሳ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

«አንተ ጣጣ! ጉድ ሠራኸን!»

«ይቅርታ እማዬ! አይለመደኝም!» ብሎ ዘጋ።

ሹፌሩ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምን አጥፍተህ ነው?»

«ገና አልነገሩኝም፣ ጋሼ።»

ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ሽበት ጣል ያደረገበትን ሰውዬ አየውና ሳቁ ቆመ። «ወይ አንተ!» አለው በሆዱ። «ክሱን ሳትሰማ ፈረድክ በራስህ?»

ከሥራ በኋላ ወላጆቹ ቤት ሄደ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሌሊቱን ሲፈስ አድሮ የሳሎኑ ምንጣፍ ርሷል። እናቱ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ አስቀምጣ ሻይ ሰጠችው፤ የተወቃሽ ወንበር ናት።

«ቧንቧውን ክፍት የተውከው አንተ ነህ» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«እሱ ካልሆነማ ማን ይሆናል?» አሉ አባትየው። ለወራት የተኮራረፉት አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለካ እሱን ሲወቅሱ ነው የሚታረቁት! ዕድሜውን ሙሉ ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ ኖሯል፤ ያውም ሳይመረቅ፣ እየተሰደበ።

«ይቅ...» ብሎ ጀመረና ቀሪውን በሻይ ዋጠው። «እኔ እኮ ካለፈው ወር ወዲህ እዚህ ቤት አልመጣሁም።»

የአባትየው ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ታላቅየው ዞረ።

«ምነው እኔን ያዩኛል? ማታ ሲታጠቡ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?»

ተጀመረ። ጣጣው «በቃ እኔ ልሁን!» ሊል ምንም አልቀረው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሻዩን እስከ መጨረሻው ጨለጠው።

እናቱ ስትሸኘው፣ «እኔ ነኝ ብትል ምን ነበረበት? ለሰላም ብለህ» አለችው።

«ምንጣፉን አብሬሽ አሰጣለሁ፣ እማዬ። ጥፋቱን ግን ለባለቤቱ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጥፋተኛ አለመሆን እንደ አዲስ ጫማ ላጠው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ይህንኑ ሲያብሰለስል የሹፌሩን ግማሽ ጢም ሙልጭ አድርጎ ላጨው።

«ምን አደረግከኝ?!»

መስታወቱን አየ፤ ምላጩን አየ። ፊቱ በራ። «ይሄ የኔ ነው!»

«ደስ አለህ እንዴ፣ አንተ?!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ የዛሬው ከልቤ ነው። ምን እንዳጠፋሁ ሳውቅ የመጀመሪያዬ ነው እኮ።»