የጠጄ ደረጃ

ጠጄ መጥረቢያ የጨበጠችው ባሏ ካረፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ የበሯ ማጠፊያ ተነቅሎ በሩ ተንጠለጠለ። ሰው መለመኑ ሲሰለቻት፣ አንድ ቀን ጠዋት ወገቧን በመቀነት ሸብ አድርጋ ራሷ ገጠመችው። በሩ ቀጥ ብሎ ተዘጋ። ከፈተችው፤ ደግማ ዘጋችው፤ ሥራ ፈት ይመስል ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! በርጩማ ሠራች፣ የዕቃ መደርደሪያ ሠራች፣ ለበጎቿ ግርግም ሠራች። አገሬው «የሟች መጥረቢያ ወረሳት» ቢላትም ጆሮ አልሰጠችም። የገብሷንና የበጎቿን ሥራ ጨርሳ ትንሽ ፋታ ስታገኝ፣ እንጨት መላግ እረፍቷ ነበር።

ሞላሌ ገበያ ስትወጣ የምታርፍበት ቦታም አላት፤ የገብረየሱስ ወፍጮ ቤት ጓሮ። ገብረየሱስ ባለወፍጮ ይሁን እንጂ የሚኖርበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ በገዛ እጁ ነው ያቆመው። ጓሮው የሚሰበሰቡትም እንደሱው እንጨት ያሳበዳቸው ናቸው። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን አሉ፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ ጊዜ ሲተርፋቸው መቋሚያና አትሮንስ ይጠርባሉ። መምህር አፈወርቅ አለ፤ የሒሳብ አስተማሪ፣ ቀጠን ያለ ወጣት፣ የተከራያትን ክፍል ራሱ በሠራው አልጋና መደርደሪያ ሞልቶ መቆሚያ ያጣ። ከመካከላቸው እንጨት ጠርቦ የሚተዳደር የለም። ግን ገበያ በዋለ ቁጥር አንዱ የሠራውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣና ይፈታል፤ ሌሎቹ ያገላብጡታል፣ ይዳስሱታል፣ «እዚህ ጋ እንዴት አገናኘኸው?» ይባባላሉ።

ጠጄ መጀመሪያ እዚያ የሄደችው ልታስፈጭ ነው። በሚቀጥለው የሄደችው ግን በርጩማዋን ተሸክማ ነበር። መሪጌታ በርጩማውን ገልብጠው እግሮቹን ተመለከቱና፣ «ይህ እጅ ገና ብዙ ይሠራል» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነሱ አንዷ ሆነች።

ቤቷ እንደ ብዙው የመንዝ ቤት የድንጋይ ፎቅ ነው፤ ታች በጎች፣ ላይ ሰው። ወደ ላይ የሚወጣው በመሰላል ነበር። ታዲያ ሚሊኒየሙን ለማክበር ሽር ጉድ በሚባልበት ክረምት፣ አማቷን እማማ ወለተ ኢየሱስን ጉልበታቸው ከዳቸው። መሰላሉ አልሆን አላቸው። ጠጄ ልታዝላቸው ብትል፣ «ሬሳ አደረግሽኝ እንዴ የምትሸከሚኝ?» ብለው ተቆጡ። ምድር ቤት ከበጎቹ አጠገብ መደቡ ላይ አጎዛ አስነጥፈው መተኛት ጀመሩ። እርጥበቱ ያስላቸዋል። ሳላቸው ከወለሉ ሥር እየተሰማት ጠጄ እንቅልፍ አጣች።

«እማማ፣ ደረጃ እሠራልዎታለሁ» አለቻቸው።

«ደግሞ የምን ደረጃ?»

«እንደ ሰው የሚወጣበት ነዋ! እንደ ዝንጀሮ የሚንጠላጠሉበት ሳይሆን።»

አሮጊቷ ሳቁ። የባሏ ወንድም ወዳጆ ግን አልሳቀም። «አናጢ ይፈለግ። አለዚያ እዚያው ይሁኑ። እናቴን ሴት በሠራችው ላይ አላስወጣም» አለ።

ጠጄ ከጓሮዋ ባሕር ዛፍ ቆረጠች፣ ሰነጠቀች፣ ላገች። መስቀል እንዳለፈ ደረጃውን አቆመችው። ላየው ያምራል። እንጨቱ ግን እርጥብ ነበር፤ የበጋው ደረቅ ነፋስ ሲያገኘው ተጣመመና ምስማሩን መትፋት ጀመረ። እማማ ገና እግራቸውን ሳያነሱ ወዳጆ «እስቲ መጀመሪያ እኔ ልሞክረው» ብሎ ወጣ። መካከሉ ላይ ሲደርስ አንዱ መርገጫ ተነቀለ፤ ወዳጆም ከነመርገጫው ግርግሙ ውስጥ ዘጭ አለ። በጎቹ ተተራመሱ። ተነሥቶ ድርቆሹን ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ፣ «አላልኩም?» አለና ወጥቶ ሄደ። ያቺ «አላልኩም» ከስድብ ትብሳለች።

በገበያው ቀን ጠጄ የተነቀለውን መርገጫ ጠቅልላ ወፍጮ ቤት ወረደች። መንገድ ላይ ልትጥለው ሁሉ አስባ ነበር። እዚያ ጓሮ ግን ይዞ መጥቶ አለማሳየት ነውር ነው። ፈታችው፤ የሆነውንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ «ቆዩኝማ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ አትሮንስ ታቅፈዋል።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ነው» አሉ። «ለደብሩ ሰጥቼ፣ በቅዳሴ መካከል ቷ ብሎ ተሰነጠቀ። ዲያቆኑ መጽሐፉን አየር ላይ ቀለበው። ይኸው እስካሁን አልጣልኩትም፤ ኩራት ሲጀምረኝ አየዋለሁ።»

ያኔ ጓሮው በሳቅ ተሞላ። ጠጄም ሳቀች፤ ይዛው የቆየችው እንባም ከሳቋ ጋር አብሮ ወጣ።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ። ገብረየሱስ መርገጫውን አሸተተና፣ «ይሄ እንጨት ገና ነፍሱ አልወጣችም። የቆየ፣ የደረቀ ፈልጊ» አላት። አፈወርቅ የቤቱን ቁመት እየጠየቃት መሬት ላይ በከሰል ሣለ።

«እትዬ ጠጄ፣ መርገጫዎቹ እኩል ይሁኑ። እግር የመጀመሪያውን ከለመደ ሌላውን ሳያይ ነው የሚረግጠው። ዝቅ ዝቅ ማለትም አለባቸው። ዝቅ ሲሉ ግን ደረጃው ወደ ፊት ይረዝማል፤ ቤትዎ ይበቃል?»

«አይበቃም፤ በሩን አልፎ ደጅ ይወጣል።»

«እንግዲህ እሱን ቤቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ምን ያህል ዝቅ ይበል ለሚለውም ጉልበቱ የእማማ ነው፤ እኔ ከየት አውቄው?»

መሪጌታ በበኩላቸው መሮ አንሥተው፣ የጎኑ ጣውላ ተጎድጉዶ የመርገጫው ጫፍ እዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚቀረቀር አሳዩአት። ያለ ምስማር። ጫፉ እስኪጠብቅ፣ ሲነቃነቅ «ጢቅ» እንኳ እስከማይል ድረስ ደጋግማ ሞከረችው።

እሑድ ዕለት ከእማማ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ደጀ ሰላሙ ጋ የድንጋይ ደረጃ አለ። እማማ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የማንንም እጅ ሳይዙ፣ ቀስ እያሉ ወጡት። ጠጄ ባለችበት ቀረች። ዓመት ሙሉ አብራቸው እየሄደች ልብ አላለችውም! ጉልበታቸው ደረጃ አላቃተውም፤ የሚያውቀውን ደረጃ ይፈልጋል እንጂ። ሰኞ ጠዋት ሸምበቆ ይዛ ተመለሰችና የአንዱን ድንጋይ ከፍታ ለክታ ቆረጠችው። ያቺን ሸምበቆ እስከ ሥራው መጨረሻ ከእጇ አልለየቻትም።

የቀረው የቦታው ጉዳይ ነው። በምድር ቤቱ ጥግ የእህል ጎታ የሚቀመጥበት መደብ ነበር። ቆማ ስታየው ቆየችና ጎታውን አነሣች። መደቡን በድንጋይ ክባ ከፍ አደረገችው፤ ማረፊያ ሆነ። ደረጃው በአንደኛው ግድግዳ ተጠግቶ ማረፊያው ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ዞሮ በሌላኛው ግድግዳ ወደ ላይ ይቀጥላል። ቤቱ በቃ። ለእንጨቱ ደግሞ ከወደቀው አሮጌ በረት የጽድ ወራጆች አወጣች። ከመድረቃቸው ብዛት መጋዙን እየነከሱ አስቸገሯት፤ ሲሰነጠቁ ግን ቤቱን በሽታቸው አወዱት። ገናም ጥምቀትም አለፉ። እጇ ቆሰለ፣ ሻከረ፣ ዳነ። ወዳጆ በደጅ ሲያልፍ የመዶሻውን ድምፅ ይሰማል፤ አይገባም።

በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስቱም የወፍጮ ቤት ወዳጆቿ ከሞላሌ መጡላት። ወዳጆም መጣ። ማንንም ሳያስፈቅድ ደረጃው ላይ ወጣና ልክ እንደ አውድማ በሬ ይረግጠው ጀመር። ዘለለበት። ደረጃው አልተነፈሰም።

«በል ውረድ፣ ውረድልኝ! ላንተ ተብሎ ነው እንዴ የተሠራው?» አሉ እማማ።

አማተቡና የመጀመሪያውን ረገጡ። ሁለተኛውን ሲረግጡ ወደ ታች ማየት ተዉ። ማረፊያው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ደክሟቸው ሳይሆን ሁሉም ቀና ብሎ እያያቸው ስለነበር ነው። ከዚያ ዞረው ቀጠሉ፤ ከላይ ወለሉ ላይ ሲቆሙ እልልታውን ራሳቸው አቀለጡት። ወዲያው መስኮቱን ከፍተው ቁልቁል ማየት ያዙ።

«ያ ቆርቆሮ ያለበሰው ማነው? አሃ፣ ጓሳውን ሳር አንሥቶ! መቼ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው?» ሲሉ ተሰሙ። ቀጥለውም፣ «ጠላውን ወደዚህ አምጡት! እንግዳ ከበግ ጋር አይጋበዝም!»

ሁሉም ወጣ። አፈወርቅ ግን ሜትሩን አውጥቶ ማረፊያው ላይ ቀረ፤ የሚዞርበትን እየለካ ይደንቀዋል። መሪጌታ እጃቸውን ከመርገጫዎቹ ሥር ሰደው ዳሰሱ፤ ምስማር አላገኙም።

«ግሩም ግብርኪ፤ ሥራሽ ድንቅ ነው» አሉ። «የደረቀ እንጨት ያለሽ ገብረየሱስ ነው። እኩል ይሁን ያለሽ አፈወርቅ ነው። መቀርቀሩን እኔ አሳይቼሻለሁ። ይህን በጥግ ማዞር ግን ከማን አገኘሽው?»

ጠጄ ሲያመሰግኗት «እግዜር ነው፣ እናንተ ናችሁ» ማለት ለምዶባታል። ያን ቀን ግን ቀና አለች።

«የኔ ነው» አለች።

እማማም መስኮቱን ትተው ዞሩ። «የሷ ነው!» አሉ፣ የጠየቃቸው ሳይኖር። «የልጄ ሚስት የሠራችው ነው። ከዚህ እስከ ራቤል እንዲህ ያለ ካለ አምጡ!»

በሚቀጥሉት ገበያዎች ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ሰው በረከተ። ጥሩሸዋ የምትባል ከዘመሮ በኩል የመጣች ሴት መደቡ እንዴት እንደተካበ ጠጄን ጠይቃ፣ አፍ አፏን እያየች አዳመጠቻት። አፈወርቅ የደረጃውን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቹ አሳይቶ «የሞላሌ አገር ሥራ ነው» እንዳላቸው ጠጄ ሰማች። ይህን ስትሰማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

አንድ ቀን ወዳጆ ጣውላ የተጫነች አህያ እየነዳ ደጇ መጣ። ብዙ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የኔም ሚስት በመሰላሉ ተማራለች» አለ። «መቼ ትሠሪልኛለሽ?»

«አልሠራልህም» አለችው ጠጄ።

ፊቱ ጠቆረ።

«አንተ ነህ የምትሠራው። መጋዝህን ይዘህ ቅዳሜ ገበያ ወፍጮ ቤት ና። እዚያ ያለነው ሁሉ እናሳይሃለን።» ከአህያዋ ላይ አንዱን ጣውላ ሳበችና በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሸተተችው። «በዚህ ግን አይሆንም። ይሄ ገና እርጥብ ነው። መልሰህ ጥላ ሥር አጋድመውና ይድረቅ።»

ወዳጆ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከላይ ከመስኮቱ እናቱ እያዩት ነበር። አህያዋን አዙሮ ጣውላውን ሊያደርቅ ተመለሰ።