ያልተቋጨው ማዕዘን

መቱ ውስጥ የተቀደደ ቡሉኮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቤት ነበር፤ የእትዬ ዘውደነሽ ቤት። ጣሊያን ከገባ ወዲህ አዲስ ልብስ መግዛት የሚችለው ከጣሊያን ጋር የሚበላ ብቻ ነበርና፣ የቀረው ሰው ያረጀውን እያስጠገነ ይለብሳል። ዘውደነሽ የሳሳውን ጋቢ በሌላ ጋቢ ትደርባለች፣ መሃሉ የተባዘተ ጥጥ ታስገባለች፣ በወፍራም መርፌ ከዳር እስከ ዳር ትሰፋዋለች፣ በመጨረሻም ዘርፉን በጣቶቿ እየገመደች ትቋጨዋለች። እሷ የቋጨችው አይፈታም፤ ይኼንን የሚጠሏት ጎረቤቶቿም አይክዱም።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ምንዳዬ። ጥጡን ከዳሪሙ እየገዛ የሚያመጣላት እሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ጥጥ አለቀባትና፣ ዝናብ ነው ቢላትም፣ “አንድ ጊዜ ደርሰህ ና” ብላ ላከችው። ሲመለስ ኬላ ላይ ያዙት። ጆንያውን ፈትተው ጥጥ ሲያገኙ፣ ጫካ ላሉት ሽፍቶች የቁስል ማሰሪያ ልታቀብል ነው አሉት። ለእናቴ ቡሉኮ ነው ቢል ማን ይሰማዋል? መቱ አምጥተው፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረው እስር ቤት ውስጥ ከተቱት። ዘውደነሽ “የላክሁት እኔ ነኝ” እያለች ደረቷን ስትደቃ ከረመች።

በሳምንቱ የሟች ባሏን ጋቢ ከራሷ ጋቢ ጋር ደርባ ቡሉኮ ሠራችለት። ጥጥ ስላልነበራት ትራሷን ቀድዳ የውስጡን አወጣች። ዘርፉን ሁሉ ቋጭታ አንዱን ማዕዘን ብቻ ሳትቋጭ ተወችው። እናቷ ለመንገደኛ ልብስ ስትሠራ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ባለቤቱ ለማስጨረስ ሲል ወደ ቤቱ ይመለሳል ትል ነበር።

እስረኛ ማየት ክልክል ነው። ቡሉኮውን በሩ ላይ የተቀበላት ኩምሳ የሚባል ዘበኛ ነው። “እሰጥልዎታለሁ፣ እናቴ” አላት፤ አንደበቱ ማር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጎደሬና የበቆሎ ቂጣ በአገልግል ይዛ ትሄዳለች፣ ኩምሳ ይዞ ይገባል፣ አገልግሉን ባዶውን ይመልስላታል። ባዶ አገልግል ስታይ ደስ ይላታል፤ ልጄ በላልኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ኩምሳ “በርበሬ ይብዛበት ይላል” አላት። ምንዳዬ ከልጅነቱ ጀምሮ በርበሬ አይወድም። እስር ቤት በርበሬ አስለመደልኝ ብላ ሳቀች። እናት ስትባል ሞኝ ናት፤ የማታምነው ነገር የለም።

ዓመት አለፈና ክረምቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ማለዳ ዲሪቤ የምትባል፣ ከኖፓ ተድራ የመጣች እርጉዝ ልጅ “አከም ቡልተን፣ እትዬ” ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እያለች ገባችና በጀርባዋ ያዘለችውን ቡሉኮ አወረደች። ዘውደነሽ ገና ሳይዘረጋ አወቀችው።

“ይቺ ማዕዘን ሳትቋጭ ቀርታለች” አለች ዲሪቤ። “ማን እንደሠራው እንጃ፣ እጁስ ጎበዝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰነፈ መሰል። ባሌ ኩምሳ ቅዳሜ ከወታደሮቹ ጋር ወደ ዳሪሙ ይዘምታል። ክሩ ተተልትሎ ሳያልቅ ይቋጩልኝ።”

“ከየት አገኘው፣ ልጄ?”

“እስር ቤት ነው የሚጠብቀው። የአንድ እስረኛ ነበር፤ ጥጥ ይዞ ተያዘ የተባለው ልጅ። በገባ በማግስቱ ከሌሎቹ ጋር ሶር ወንዝ ዳር ወስደው ረሸኑት። ልብሱ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያመጣው ሰው መሞቱን አላወቀማ።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እኔም ስለብሰው ቅር ይለኛል፣ እትዬ። ግን ብርዱ አይቻልም።”

ዘውደነሽ እንባ አልመጣላትም። “ባልሽ በርበሬ ይወዳል?” አለች።

“ኧረ ይወዳል። ምን ያደርጋል፣ ቤት አይበላም። እዚያ ጎደሬ እያመጡለት ጠግቦ ነው የሚመጣው።”

“ተዪውና ሂጂ። ነገ ውሰጂው።”

ዲሪቤ እንደወጣች ቡሉኮውን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ለዚህች ልጅ ስትል፣ ባሏ እንዲመለስላት፣ አንዲት ክር ሳትቋጭ ልትተውላት አሰበች፤ በሆዷ ያለው ምን አጠፋ? ግን ልብሱ የምንዳዬ ነው። እሱ ላይመለስ ማዕዘኑ ማንን ይጠብቃል? ክሮቹን ገመደቻቸው፣ አጠበቀቻቸው፣ ጣቷ እስኪላጥ ድረስ እየሳበች ቋጨቻቸው። ከዚያም አጣጥፋ መደቡ ላይ አኖረችው። ጎደሬው ተቀቅሎ ምድጃው ላይ ቀዘቀዘ። በዚያ ቀን ወደ እስር ቤት አልሄደችም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ኩምሳ ራሱ ደጃፏ ላይ ቆመ።

“ምነው ዛሬ ቀሩ፣ እናቴ? ልጅዎ ራበኝ ይላል።”

ያን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ የዘውደነሽ ልብ ዘለለ። ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ? በዚህ አገር ጥጥ ይዞ የተያዘ ምንዳዬ ብቻ ነው? ሌላው ተረሽኖ፣ የእሷ ልጅ ብርድ ላይ ተኝቶ ቢሆንስ?

“ምንዳዬ ነው? ራሱ ነው ያለዎት?”

“ራሱ ነው እንጂ። እናቴን አሟት ይሆን ብሎ ተጨነቀ።”

“አሁን አሞቅለታለሁ። ተቀቅሏል እኮ። ይግቡ፣ ጌታዬ፣ ዝናብ አይምታዎት” እያለች አገልግሉን ከግድግዳው አወረደች።

ኩምሳ ጎንበስ ብሎ ገባና መደቡን አየ። ቡሉኮውን አየው፤ ከዚያ እሷን አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ማር ሁሉ ጠፋ። እሷ አገልግሉን አቅፋ አፍ አፉን ታያለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ቢላት፣ የፈለገውን ቢዋሽ፣ ታምነው ነበር። እሱ ግን መዋሸት አቃተው። ወደ ኋላው እያፈገፈገ ወጥቶ፣ በዝናቡ ውስጥ እየፈጠነ ሄደ።

ዘውደነሽ አገልግሉን ወለሉ ላይ አኑራ ቡሉኮውን አነሳች። ማዕዘኑን ፈልጋ ጠዋት የቋጨችውን በጥፍሯ ትፈታ ጀመር። አልሆነም። በምራቋ አራሰችው፣ በመርፌ ጎረጎረችው። ልጇን መልሳ መጠበቅ ነው የፈለገችው፤ ለአንድ ቀን እንኳ፣ ባዶ አገልግል እያየች።

ዲሪቤ በማግስቱ ቡሉኮውን ልትወስድ ስትመጣ፣ ዘውደነሽን ማዕዘኑን በጥርሷ ይዛ አገኘቻት።