አንድ በእጃችን

መጀመሪያ ይሄ ይታወቅልኝ፦ ሒሳብ አትችልም የሚለኝ ሰው ውሸታም ነው። እችላለሁ። በሆዴ ነው የማልችለው እንጂ በአፌ እችላለሁ።

አስራ አንድ ዓመት የአንደኛ ክፍል ረዳት ነበርኩ። ዋናዋ መምህርት ጡረታ ስትወጣ ክፍሉን ለእኔ ሊሰጡኝ ሲሉ መመሪያ መጣ፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ የሚሆን ሁሉ ንባብ፣ ጽሑፍና ሒሳብ ይፈተን። ሦስቴ የወደቀ ረዳትም ሆኖ አይቀጥልም ተባለ። ንባቡንና ጽሑፉን ወዲያው አለፍኩ፤ ሒሳቡን ግን ሁለቴ ወደቅኩ።

"አንቺ ስትደምሪ እኮ ጎረቤት ይሰማል! አፍሽን ዘግተሽ ተለማመጂ" አለችኝ ታላቅ እህቴ። እውነቱን ስለምትነግረኝ ነው ሁልጊዜ የምንጣላው። ወር ሙሉ ከንፈሬን ነክሼ ደመርኩ፤ ቁጥሩ ግን ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ? ስንት ዓመት ከሃምሳ ልጆች ጋር ስጮህ ኖሬ!

የመጨረሻው ፈተና ቀን ዴስኬ ይንገዳገዳል። ከኋላዬ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት በእስክሪብቶው ዴስኩን ይቆረቁራል። ጥያቄው ወንዶቹ 248፣ ሴቶቹ 367፣ ተማሪዎቹ በጠቅላላ ስንት ናቸው የሚል ነበር። ስጀምር ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ፈታኟ መጥታ "እህቴ፣ ድምፅ ማሰማት አይቻልም፤ ሁለተኛ ከሰማሁ ወረቀትሽን እነጥቃለሁ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ራሴን ረሳሁ።

"ስምንትና ሰባት አስራ አምስት፤ አምስት እንጽፋለን፣ አንድ በእጃችን! ቀጥሎስ?"

ወይ ጉዴ! ልጆቹ እስኪመልሱልኝ ጠበቅኩ እኮ። አዳራሹ ሳቀ። ያልኩት ልክ ነበር፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

"ይቅርታ እህቴ፣ ሕግ ነው" ብላ ወረቀቴን ወሰደች።

"እህቴ አትበይኝ!" አልኳት። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ክፍሉን ለአዲሱ መምህር እንዳስረክብ አዘዘኝ። ስገባ ያ ከኋላዬ የነበረው ባለ አዲስ ሸሚዝ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

ወጣቱ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እትዬ፣ ፈተናው ላይ ያቺን 'አንድ በእጃችን' ከእርስዎ ሰምቼ ነው ጥያቄዋን የሠራኋት። ያለፍኩትም በአንድ ነጥብ ነው። ለዳይሬክተሩ ልናገር?" አለኝ።

በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ። ሃምሳ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ቢናገር እሱ ይባረራል፤ እኔን ግን ማንም አይመልሰኝም፤ እነሱም ያለ አስተማሪ ይቀራሉ። ተቃጠልኩ፣ እውነቴን ነው። እጄን መልሼ ጠመኔውን ሰጠሁት።

"ከእኔ ከሰማህ አይቀር ሁሉንም ስማ። እነዚህ ልጆች ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው አይገባቸውም። ጮክ በል፤ ጠይቃቸው፤ እስኪመልሱልህ ጠብቅ።"

"እሺ እትዬ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ነገ ትመጫለሽ?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ክፍት የነበረ የዩኒፎርሟን ቁልፍ ቆለፍኩላትና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ኮሪደሩ መሐል ስደርስ ድምፁ መጣ፤ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነው።

"ስምንትና ሰባት?"

"አስራ አምስት!" አሉ ልጆቼ።

"አምስት እንጽፋለን..." አለና ጠበቀ።

ቆምኩ። አንድ በእጃችን አልኩ፣ በሆዴ።