ማስፈልፈያው ምን ነካው?

ፈይዛ ራሷ የሠራችውን የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ክዳን ስታነሣ ወላፈኑ ፊቷን ገረፋት። መጥፋት የነበረበት ማሞቂያ አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል።

«አሁንም?» አለች ደንበኛዋ ሱዛን። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎቿ በዚሁ ሳጥን ውስጥ ተቀቅለው ቀርተውባታል። ዛሬ የተረፏትን ይዛ መጥታለች፤ እነዚህም ከተበላሹ የዶሮ እርባታዋ ነገር አበቃ ማለት ነው።

«የጋምቤላ ሙቀት ነው! እንኳን ሳጥን ሰውም ያሳብዳል» አለ ኢድሪስ፣ የፈይዛ አጎትና የጥገና ሱቁ ባለቤት።

ፈይዛ ግራ ገብቷታል። የሙቀት መለኪያውን ቀይራለች፣ ሽቦውን ፈትታ እንደገና በይዳለች። ኮሌጅ እያለች የሠራችው ናሙና አንድም ቀን አላስቸገራትም። እውነት ለመናገር ማልቀስ አምሯታል።

«ትላንት እኔ ቤት ደህና ነው። ማታ ተበላሸ። ጠዋት ደህና። አሁን ተበላሸ» አለች ሱዛን። «ይሄ ዕቃ ጸባይ አለው?»

ፈይዛ ሶኬቱን ነቅላ፣ ሳጥኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ መልሳ ሰካችው። ሠራ! ደስታዋን ሳትጨርስ የከተማው መብራት ድርግም ብሎ ወዲያው ተመለሰ። ኢድሪስ ቀና ብሎም አላየ፤ ለምዶታል። አምፖሉ ግን እንደበራ ቀረ።

ላፕቶፗን ከፈተች። ሳጥኑን የሚቆጣጠረውን ቺፕ የምታዝዘው አሴምብሊ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ከፕሮግራሙ አናት ላይ፣ አምፖሉ የሚበራበትን ጊዜ ለሚቆጥረው «ቆጣሪ» በቺፑ ማስታወሻ ውስጥ ቦታ ይዛለታለች። ስም አለው፣ አድራሻም አለው። ታዲያ ምን ጎደለው? ብታነበው ብታነበው አልገለጥላት አለ።

«ውይ!» አለች በመጨረሻ። «ቦታ ያዝኩለት እንጂ ምንም አላስቀመጥኩበትም!»

«ምን ማለት ነው?» አለ ኢድሪስ።

«ባዶ መስሎኝ ነበር አጎቴ። እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ የቀድሞው ተከራይ ዕቃ ሳይወጣ ገባሁበት። መብራት ድርግም ሲል የተበላሸ ቁጥር ይቀርና ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። እስከ ዛሬ የሠራልኝ በዕድል ነው።»

ፕሮግራሙ ሲነሣ ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርግ አንድ መስመር ጨምራ ጫነችው። ሶኬቱን እየነቀለች እየሰካች ሞከረችው፤ አምፖሉ አልሳተም።

«አልሐምዱሊላህ! በይ እንቁላሉን አስገቢላትና ትሂድ» አለ ኢድሪስ።

ሱዛን ቅርጫቷን አቀረበች። ፈይዛ ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። ከቆጣሪው ሥር ሌሎች ስሞችም አሉ፤ ሁሉንም ባዶ ናቸው ብላ ያለፈቻቸው ናቸው። የትኛው ከዜሮ፣ የትኛው ከሌላ ቁጥር መጀመር እንዳለበት ገና አልለየችም። አንዱን ስታርቅ ሌላው ቢያምፅስ?

«ሱዛን፣ ሰፈራችሁ እንቁላል የምትታቀፍ ዶሮ አለች?»

«የጎረቤቴ የቴኒ ዶሮ አለች።»

«እነዚህን ለእሷ ስጫት።»

«ማስፈልፈያ የሠራች ልጅ ሰውን ዶሮ አስታቅፊ ትላለች?» አለ ኢድሪስ በድንጋጤ።

«ዶሮዋ መብራት አይጠፋባትም» አለች ፈይዛ። ሻርፗን አስተካክላ፣ ለሙከራ የራሷን እንቁላል ልትገዛ ወደ ገበያ ወጣች።