የጽዱ ቁስል

የጽድ በር ሚካኤል ደን ሕጉ አጭር ነው። እርጥቡ የታቦቱ፣ ቆሞ የደረቀው የደብሩ፣ ነፋስ የጣለው የድሀ። እርጥብ የቆረጠ ይገዘታል፤ ሲሞትም ከቅጥሩ ውስጥ አይቀበርም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። በሕጉ ማን እንደሚኖርበት ግን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ትርንጎ ናት።

የትርንጎ ባል ቢያዝን በጣሊያን ጊዜ ዱር ገብቶ በዚያው ቀረ። ጠላት ሲወጣ ዱር ገብተው ለተመለሱት ሹመት መጣላቸው፣ ዱር ሳይገቡም የተሾሙ አሉ። ለትርንጎ የመጣላት ነፋስ ነው። ነፋስ የጣለውን እየለቀመች፣ እያሰረች፣ ጎንደር አራዳ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማ ትሸጣለች። ዳማ ከምትባል አንዲት ላም በቀር ሌላ ሀብት የላትም። ደኑንም እንደ ጓሮዋ ነው የምትይዘው፤ የወደቀ ቅርንጫፍ ችግኝ ላይ ተጋድሞ ካገኘች ታነሣለች፣ ፍየል የለመደውን ቦታ በእሾህ ታጥራለች። ደኑ ከተዘጋባት የምትበላው የላትም።

ታዲያ ባንድ ወቅት ትልልቆቹ ጽዶች ቆመው መድረቅ ጀመሩ። አንዱ ደረቀ፣ ሌላው ተከተለ። አገሩ “የዘመን ነገር ነው” አለ። የደብሩ ገበዝ ወልደኢየሱስ የደረቀውን እያስቆረጡ ለጎንደር ቤት ሠሪዎች ሸጡ፤ ምስጥ የማይደፍረው የጽድ ምሰሶ ያን ጊዜ ተፈላጊ ነበር። ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ነው ተባለ። የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ዛሬም ያፈስሳል። ገበዙ ግን አራዳ ላይ ቆርቆሮ ቤት አቆሙ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ገበዝም አይከሰስም፤ ገበዝን የከሰሰ የት ይቀበራል?

በመስከረም መጨረሻ ትርንጎ ጭራሮ ስትለቅም ከደኑ መሐል ያለው ታላቁ ጽድ ሥሩ ላይ ቆስሎ አገኘችው። ልጡ በመጥረቢያ ዙሪያውን ተልጦ፣ ነጩ እንጨት ወጥቶ፣ ሙጫው ይንጠባጠባል። ጽዶቹ ለምን እንደሚደርቁ ያን ጊዜ ገባት። የላጠው ሰው ኮቴ ሰምቶ ይሁን ደክሞት፣ አንድ ስንዝር ልጥ ሳይነካ ቀርቷል። ዛፍ በልጡ እንደሚጠጣ ታውቃለች፤ አንድ ስንዝር ከቀረለት ሊተርፍ ይችላል። ወደ ቤቷ ሮጣ የዳማን እበት ከቀይ አፈር ጋር አቦካችና ቁስሉን ዙሪያውን መረገችው።

እጇን ሳትታጠብ የባሏ ታላቅ ወንድም ፋንታሁን በሬዎቹን እየነዳ ደረሰባት።

“ምን ትሠሪያለሽ ትርንጎ?”

“አያ ፋንታሁን፣ ና እየው! ልጠው ሊገድሉት ነበር። ቁስሉን ልድፈንለት ብዬ።”

ጎንበስ ብሎ አየ። ቁስሉንም፣ የቀረውንም ስንዝር አሳየችው።

“ሸጋ አደረግሽ፤” አላት። “ግን ለሰው አትንገሪ። በደረቅ እንጨት የምትኖሪ አንቺ ነሽ፤ አንቺን ነው የሚሉ።”

ምክሩ መልካም መሰላትና ዝም አለች። የፈሩት ይደርሳል።

ኅዳር ላይ የደኑ ጠባቂ ጭቃውን አይቶ ቢፈቀፍቅ ከሥሩ የመጥረቢያ ምልክት አገኘ። አገሩ ተንጫጫ። ከሁሉ በላይ የጮኹት ገበዙ ናቸው፤ “ታቦቱን የደፈረ ይውጣ!” እያሉ ነጠላቸውን አወረዱ። ጭቃ ሹሙ አያ በላቸው አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝ ማለት ይህ ነው፦ ያገሩ ሰው በሙሉ ባንድ ሜዳ ይሰበሰባል፣ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል፣ ጥፋተኛው ካልታወቀ ማንም ቤቱ አይገባም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው እየተጫወተ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ግን ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፣ ሰማዩም ያለወቅቱ ጠቁሯል። እንቦሶች ከርቀት ይጮኻሉ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑን ደመናው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ጎረቤቱ ላይ ጥሎ ዋለ። መጥረቢያው የማን እንደሆነ ያልጠረጠረ አልነበረም። ግን ማን አፉን ይክፈት?

“ጭቃውን የመረገ ይነሣ፤” አለ አያ በላቸው፣ ለስንተኛ ጊዜ። “የላጠ እሱ ነው፤ ሊሸሽግ ነው የመረገው።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ትርንጎ ይህን አምና ተነሣች። ይህን ተረት የተረተ ሰው አውጫጭኝ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

“የመረግሁስ እኔ ነኝ፤ የላጥሁ ግን እኔ አይደለሁም። እንዲድን ብዬ ነው። አያ ፋንታሁን አይቶኛል፤ እሱን ጠይቁት።”

 ፋንታሁን ቀና ብሎ ደመናውን አየ። የሱ አውድማ ከሁሉም ይሰፋል።

“ምነው ዝም አልህ አያ? ሸጋ አደረግሽ ብለኸኝ የለም? በቢያዝን አጥንት፣ ያየኸውን ተናገር!”

“ያየሁትን እናገራለሁ፤” አለ ፋንታሁን፣ ፊቷን ሳያይ። “ጭቃ ስትመርግ አይቻለሁ። ሌላ አላየሁ።”

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን የሰማ የለም። ሰዉ እሾሁን ዘሎ ወደየአውድማው ሮጠ፤ ፋንታሁን ከፊት ነበር። ገበዙ በቆሙበት ገዘቷት። ከደኑ ታገደች፣ ዳማም ለካሳ ወደ ደብሩ ተነዳች። ደመናው ወደ ቆላ ድባ አለፈ። አንዲት ጠብታ አልጣለም።

ትርንጎ ጎንደር ገባች። መጀመሪያ አራዳ ውስጥ ለሰው ቤት ውኃ ተሸከመች። ሳል ሲይዛት ውኃውም ቀረና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነዳያኑ ጋር ተቀመጠች። የተገዘተች ናትና ከደጁ አታልፍም።

በሁለት ዓመቱ የፋንታሁን ሚስት ባንቺአየሁ ለገበያ መጥታ እዚያ አገኘቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አንድ ቁንጥር አፈር አወጣች።

“እንኪ እቴ፣ በውኃ አርገሽ ጠጪው። የጽዱ እምነት ነው። አልሰማሽም እንዴ? ያ የተላጠው ጽድ ሳይደርቅ ዓመት አለፈው! ገበዙ በዐውደ ምሕረት ‘ታቦቱ ራሱ ፈወሰው’ ብለው አወጁ። ሰው ከጭልጋ ሳይቀር እየመጣ ጭቃውን ቆነጠረ፤ ስንቱ ዳነበት!”

ትርንጎ አፈሩን ተቀብላ አሸተተችው። ገለባ አለበት።

“ድኗል?” አለች። ጎንደር ከገባች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። “እውነት ድኗል?”

“ድኖ ነበር እንጂ። ጭቃው ሲያልቅ ሰዉ ልጡን ለበረከት ይወስድ ጀመር። አሁንማ ደረቀ፤ ገበዙ ሸጡት።”

“ያ አንድ ስንዝር የቀረው ልጥ . . . እሱንም?”

“እሱማ የበለጠ ተፈልጎ! እኔም ለልጄ አንገት አስሬያለሁ።”

“ዳማስ?”

“ለተአምሩ ክብረ በዓል ታረደች። ሥጋዋ እንዴት ያለ ነበር መሰለሽ።”

ትርንጎ መዳፏን ከፍታ አፈሩን አየችው። ከዚያ ምራቋን እንትፍ አለችበት።

“እበት ነው፤” አለች። “የኔ ዳማ እበት ነው።”

ባንቺአየሁ አማትባ ሸሸች። ማታ ቤቷ ገብታ ያየችውን ለባሏ ነገረችው፤ የታቦቱን እምነት እበት ብላ ምራቋን ተፋችበት፣ አለችው። ፋንታሁን ከዚያ አውጫጭኝ ወዲህ እህል በቅጡ አይወርድለትም ነበር።

“ተፋችበት?” አለ።

“በዓይኔ በብረቱ አየሁ።”

“አላልሁሽም?” አለ ፋንታሁን። “እሷ ናት የላጠችው።” ራቱንም ጠግቦ በላ።