ያልተገኘው የጎማ ቀለበት

የሾፌሯ አባት እንደሚሉት፣ ትናንት ከመኪናዋ ሲፈቱት፣ የአሮጌው የዘይት ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ከፊልትሮው ጋር አብሮ ወጥቷል፤ ቦታውን በጣታቸው ሳይዳብሱ አዲሱን አላሰሩም። ባሏ እንደሚለው ደግሞ፣ አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል ጠቅልሎ ሲጥለው አፉ ላይ ምንም ቀለበት አልነበረም። አውጥተው ማየት በቻሉ ነበር፤ ግን ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ አንስተውት ሄደዋል።

"ታዲያ ትናንት አትናገርም ነበር?" አለች ሾፌሯ፣ የመኪናዋን ኮፈን በአንድ እጇ ደግፋ።

"ትናንት ቀለበት የሚባል ነገር መኖሩን መች አወቅኩ?" አለ ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬ ጠዋት የአዲሱን ፊልትሮ ካርቶን ልጥል ስል ሥዕሉን አየሁት። አሮጌው ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ተጠንቀቁ ይላል።"

"ቀስ በል፣ ይሰማሉ።"

"ሰምቻለሁ!" አሉ አባቷ ከበረንዳው።

አርባ ዓመት በሠሩበት የአውቶቡስ ጋራዥ ቅጽል ስማቸው "ጆሮ" ነበር። የሚሠራ ሞተር አጠገብ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጡና በሽታውን ይናገራሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ጆሯቸው አልደከመም።

"መምህሩ ደግሞ ዛሬ የካርቶን ሥዕል አይቶ መካኒክ ሆነልሽ!" አሉ ደረጃውን በእግራቸው እየፈለጉ ሲወርዱ። "አንተ የእንቁራሪትህን አንጀት ቁጠር፤ ሞተሩን ለእኔ ተወው።"

"አባባ፣ እኔ እኮ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።"

"እኔ ደግሞ የነካሁትን!"

ባሏ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀልድ ሦስቱም ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን ሾፌሯ ከንፈሯም አልተላቀቀ። በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት ጡረተኛ ነርስን ለኩላሊት እጥበት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ታደርሳለች። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መሃሉ ላይ ቤትም ጥላም ስልክም የሌለበት ረጅም ዳገት አለ። የዛሬው ቀጠሮ ለሦስት ሰዓት ነው፤ አሁን አንድ ሰዓት አልፏል።

እሷን ያስፈራት የካርቶኑ ሥዕል አልነበረም። ያስፈራት አባቷ ራሳቸው፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጠው የነገሯት ነገር ነው። "ሁለት ቀለበት ተደራርቦበት የታሰረ ፊልትሮ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ አያሳብቅም፤ ተንኮለኛ ነው" ብለዋት ነበር። "ዳገት ላይ ሞተሩ ሲበረታ ነው ዘይቱን አንድ ጊዜ የሚተፋው። ቀዩን መብራት አይተሽ እስክትቆሚ ብረት ብረትን በልቶ ይጨርሳል።" ከዚያ ጣታቸውን አንስተው፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" አሉ።

ተንበርክካ ከመኪናው ሥር አየች። አንዲት ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ታብለጨልጫለች።

"ትናንት የፈሰሰው ነው" አሉ አባቷ፣ ሳይጠየቁ።

ሊሆን ይችላል። ጠብታዋን በጨርቅ ጠረገች፤ ካርቶን ከሥር አነጠፈችና ሞተሩን አስነሳች። የዘይቱ ቀይ መብራት በርቶ እንደወትሮው ጠፋ። አባቷ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ስሚው" አሉ ፈገግ ብለው። "እንደ ተኛ ሕፃን ነው የሚተነፍሰው።"

ካርቶኑ ደረቅ ነበር። ባሏ ትከሻውን ነቀነቀ። "ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል" አለ፤ ከልቡ ነው ያለው።

ሞተሩን አጥፍታ ትንሽ ጠበቀችና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳበች። አባቷ እንዳስተማሯት በጨርቅ ጥርግርግ አድርጋ መልሳ ልትነክረው ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጪው እስቲ፣ ልየው።"

ሰጠቻቸው። ዘንጉን ወደ ፀሐይዋ አንስተው ወዲህ ወዲያ አገላበጡት።

"ልክ ነው" አሉ። "ከላይኛው ምልክት ትንሽ ዝቅ ብሏል። ዘይቱ ደግሞ ወርቅ ይመስላል።"

ዘንጉ ባዶ ነበር። የጠረገችው ብረት ነጭ ሆኖ ያበራል።

ባሏ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጠችው። አባቷ ጋዜጣ ማንበብ ያቆሙት "ወሬው ሁሉ አንድ ነው" ብለው ነው። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ የሚያስገቡትን ደግሞ እርጅና ብላ አልፋዋለች። ትናንት ከሰዓት መኪናው ሥር ተኝተው፣ ባሏ የእጅ ባትሪ ሲያበራላቸው፣ "አጥፋው! ዓይኔን ያጥበረብረኛል" ሲሉ ከኩሽና ሰምታቸው ነበር። በዚያ ጨለማ፣ በዘይት በራሰ ጣት፣ ጎማና ብረት በምን ይለያል?

ስልኳ ጮኸ። ጡረተኛዋ ነርስ ናቸው።

"ልጄ፣ በር ላይ ወጥቻለሁ። ቦርሳዬም እንደኔ አርጅቶ አልቆም ብሎ መሬት ተቀምጧል። ደረስሽ?"

"ሂጂ እንጂ!" አሉ አባቷ። "ሴትዮዋን ፀሐይ ላይ አታቁሚያቸው!"

ቀና ብላ አየቻቸው። ምንም የሌለበትን ዘንግ በጨርቅ ቀስ ብለው፣ በጥንቃቄ እየጠረጉ ነበር። ከጫፉ ጀምረው እስከ መያዣው፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግመው። "ባዶ ነው እኮ አባዬ" ብትላቸው፣ አርባ ዓመታቸው በባሏ ፊት፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ይወድቃል። ዝም ብላ ብትነዳ ደግሞ ዳገቱ አለ፤ ከኋላ ወንበር ላይም ለኩላሊት ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥሩ ሴት ይኖራሉ።

"እትዬ" አለች በስልኩ፣ "ባለቤቴ ኮንትራት መኪና ይዞ አሁኑኑ ይመጣልዎታል። ቀጠሮዎት አያልፍም።"

ባሏ ጃኬቱን ለመልበስ አልጠበቀም፤ ሮጦ ወጣ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አሉ አባቷ። "ልክ ነው አልኩሽ እኮ!"

ቁልፉን ከመኪናው ነቅላ ኪሷ ከተተች። ከአባቷ የመሣሪያ ሣጥን የፊልትሮ መፍቻውን አነሳች፤ ሣጥኑ ሥር የእጅ ባትሪው ነበር፤ እሱንም አነሳች። አጠገባቸው ቆማ ዘንጉን ከእጃቸው በቀስታ ተቀበለቻቸው።

"አባዬ" አለች፣ "ፊልትሮውን እፈታዋለሁ። እኔ ነኝ የምፈታው፤ ባትሪውም በርቶ ነው።"